ልክህን እወቅ

ስገዛት ያየሁት ዋጋዋን ብቻ ነው፤
መሪዋን፣ ከፍታውን፣ ማን ልብ ሊለው?
ዝቅ ያለ መሪ ነው፣ የእሽቅድምድም ዘር፣
ደረቴን ሰልባትዮ ላይ የሚያስተኛ ነበር።
እኔ ደግሞ ቁመቴ መቶ ዘጠና አንድ፣
ክንዴ ሲዘረጋ የሚያቋርጥ መንገድ።

ከቤርሼባ ዖሜር፣ ከዖሜር ዲሞና፣
ፒዛና መድኃኒት፣ አንዳንዴም ደብዳቤና
የማላውቀው ሕፃን የልደት ኬኩን፣
ጎንበስ እንዳልኩ ነው የማደርሰው ሁሉን።
መጀመሪያ ትንሿ ጣቴ ደንዝዛ ሞተች፤
ለቅሶ ልትደርስ የሄደች ጎረቤቷም እዚያው ቀረች።
ሌሊት እንኳ ስተኛ አንጓዬ ይነዝራል፤
አንገቴ ትራስ ላይ ቀና ብሎ መንገድ ያያል።

አንድ ቀን መብራት ላይ፣ በመኪኖች መኻል ስሾልክ፣
ክርኔ የአንዱን መስታወት ጫፉን ነካ።
መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የሆነ ነገር አለኝ።
በቋንቋው ተናገረ፤ በቋንቋዬ ገባኝ፦
ልክህን እወቅ።

በንዴት ረጅም መሪ ገዛሁ፣ የበሬ ቀንድ የመሰለ፤
እጄ ከጆሮዬ እኩል ተሰቅሎ፣ ምርኮኛ እያስመሰለ፣
ብብቴ ነፋስ ጠጥቶ ደረቴ እንደ ሸራ ተነፋ።
ከማጎንበስ ይሻላል ያልኩት
እጅ መስጠት ሆነ።

በሳምንቱ ልኬን ላውቅ ማክሉፍ ጋራዥ ሄድኩ፤
አባቴን ከሐኪም ቤት በዚያው አፈናጠጥኩ።
ካታሎግ ከፍቼ የመሪ ስም ስቆጥር፣
ማክሉፍ ቀማኝና ደፋው ከብሎኖች ሥር።
«ቁጭ በል፤ ዓይንህን ጨፍን፤ ትከሻህን ጣለው፤
እጅህን ዘርግተህ በገዛ ክብደቱ ይውረድ፣ ተወው።
የወረደበት ቦታ፣ መሪህ ያለው እዚያ ነው።
መሪ እጅን ይፈልግ እንጂ
እጅ መሪን አይለምንም።»

ጨፈንኩ። እጄ ወረደ።
አየር ላይ ቆመ፤ ክርኔ ትንሽ ታጠፈ፤
ወገቤ ለጥቂት ወደፊት ዘንበል አለ፤
ከኋላዬ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ከተቀመጠበት፣
አባቴ ስጦታው ሳቀ።
«ይኼማ የሸማኔ አቀማመጥ ነው!»

ደምቢያ ሳለ ሠላሳ ዓመት ሸምኗል፤
እዚህ አገር እጁ የጠርሙስ ክዳን ሲያጠብቅ አረጀ።
ግን ያኔ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ያወረደ ጊዜ፣
መወርወሪያው የት እንደሚያርፍ ሳያይ ያውቅ ነበር።
«በጎረቤቱ ቁመት ጉድጓድ የቆፈረ፣
ኩታው ሳያልቅ ገና ወገቡ ተሰበረ»
አለና ጉልበቱን ይዞ ተነሣ።

ማክሉፍ ሜትር ዘረጋ፦ «ከድሮው ስምንት ሳንቲም ከፍ።»
አባቴ አራት ጣቱን ገጥሞ መዳፉን አጋደመ፦ «አንድ ጋት።»
ተያዩ። አንዱ የሌላውን ቋንቋ በቅጡ አይሰማም፤
ሜትሩና መዳፉ ግን አልተጣሉም።

መሪው ከፍ ሲል የፍሪሲዮኑ ካቦ አጠረ፤
ወደ ግራ ሲዞር ደህና ነው፣ ወደ ቀኝ ግን ተወጠረ።
«ካቦውን ሳያስረዝም ከፍ ያለ ሰው
መታጠፊያ ላይ ነው የሚያገኘው» አለ ማክሉፍ፤
ማንን እንዳማ እንጃ።

ያልጋነሽ፣ ራሷ ከደረት ኪሴ የማያልፍ ባልደረባዬ፣
ሞተሬን ተውሳ ነድታ ትከሻዋን እያሸች መጣች፤
«ላንተ ወንበር የሆነው ለእኔ መሰላል ነው» አለች።
የእሷን መሪ ማክሉፍ ሁለት ጣት ወደ ሆዷ ሳበላት፤
አሁን ክርኗን እንደ ጫጩት ክንፍ ሰብሰብ አድርጋ
ትቀድመኛለች።

ያው መብራት፣ ያው ቀይ። አሸዋ ያዘለ ነፋስ
ከኔጌቭ ይመጣል። ጀርባዬ ቀጥ፣ አንገቴ ቀና፣
ከመኪኖቹ ጣሪያ በላይ መንገዱ ይታየኛል።
ልክህን እወቅ ላልከኝ፦ ዐወቅሁ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤
አንድ ጋት ወደ ላይ፣ ግማሽ ጣት ወደ እኔ፣
ክርን ዘና፣ አንጓ ቀጥ።

ትንሿ ጣቴ ብቻ እስካሁን አልነቃችም።
ማክሉፍ «ጓንትህን ቀይር» ይላል፤
አባቴ «ታገሣት፣ መንገድ ላይ ናት» ይላል።